ዛጎሉ በሕይወት ሳለ

የታዘልኩባት አንቀልባ ዛሬም ፈረስ ቤት በሚገኘው ቤቴ ግድግዳ ላይ ተሰቅላለች። ቆዳዋ ደርቆ ተሰነጣጥቋል፤ ማንገቻዋም ተበጥሷል። ጠርዟን ዙሪያውን የያዙት 23 ዛጎሎች ግን እናቴ በጅማት እንደሰፋቻቸው አሉ። ከሩቅ ከመጣ ነጋዴ በገብስ ለውጣ እንደገዛቻቸው ትነግረኝ ነበር። «ከየት የመጣ ነው?» ስላት «ከባሕር» ትለኛለች። ባሕር ምን እንደሚመስል ግን እሷም፣ እናቷም አላዩም። በደጋ ዳሞት ብርድ ለተወለደ ልጅ ባሕር ማለት ያ ነበር፤ ነጭ፣ ለስላሳ፣ ቀዝቃዛ፣ የሞተ ነገር።

ዛጎል በሕይወት ሳለ ያየሁት በ20 ዓመቴ ነው። በ1972 ዓ.ም. ባሕር ኃይል ገብቼ ምጽዋ ተመደብኩ፤ ከሥልጠና በኋላም ከጠላቂዎቹ ጋር አሰለፉኝ። ሥራችን የመርከብ ሆድ ላይ የሚጣበቀውን የባሕር ቅርፊት መፋቅና ማሽከርከሪያውን መፈተሽ ነበር። አንድ የእረፍት ቀን ምሽት ላይ ከምጽዋ ፊት ለፊት ባለችው በሼህ ሰዒድ ደሴት ዳርቻ ጠለቅሁ። ከኮራል ድንጋይ ሥር ጥቁር ነጠብጣብ ያለበት ስስ ሥጋ የለበሰ ነገር ይንቀሳቀሳል። ጣቴን ሳስጠጋ ሥጋው ከግራና ከቀኝ እንደ ነጠላ ቀስ ብሎ ተሰበሰበ። ከሥሩ እንደ መስታወት የሚያበራ ዛጎል ብቅ አለ። የአንቀልባዬ ዛጎል ነበር! ዛጎል ቤቱን በጀርባው የተሸከመ ቀንድ አውጣ መሆኑን፣ ያ ልስላሴውም ሥጋው ቅርፊቱን ከውጭ ሸፍኖ ስለሚጠብቀው የመጣ መሆኑን የተረዳሁት ያን ምሽት ነው። እጄን ሰድጄ ልነቅለው አሰብኩ። ብነቅለው ግን እናቴ ጋ ሲደርስ ያው የምታውቀው የሞተ ዛጎል ነው የሚሆነው። ያየሁትን ሳልገድለው የማሳያት መንገድ አንድ ብቻ ነበር፤ ፎቶ።

ከዚያ ምሽት ወዲህ የባሕር ውስጥ ፎቶግራፍን ታሪክ ስከታተል ኖሬያለሁ። ታሪኩን ባወቅሁ ቁጥር አንድ ነገር እየጠራልኝ መጣ። የሰው ልጅ ለብዙ ሺህ ዓመታት ከባሕር ያወጣውን ሁሉ እየገደለ ነው ያወጣው። ካሜራው ግን ከባሕር የሚወጣውን በቦታው፣ በሕይወቱ ትቶ ማውጣት አስቻለ። የዚህ ለውጥ ትልቅ ክፍል የተፈጸመውም በቀይ ባሕር ነው።

እኛ ደገኞች ከባሕር ጋር የተዋወቅነው በቅሪቱ ነው። አያቶቻችን በባሶ ገበያ እንደ ገንዘብ የተገበያዩበት አሞሌ ከአፋር ዝቅተኛ ሜዳ የተቆረጠ ጨው ነው። ያ ሜዳ በጥንት ዘመን የቀይ ባሕር ክንድ ነበር። ባሕሩ ሸሽቶ ጨው ሲሆን በዳርቻው የነበሩት ኮራሎች ደርቀው ቀሩ፤ ከ100 ሺህ ዓመት በላይ ዕድሜ ያለው ያ የድንጋይ ቅጥር ዛሬም በረሃው ውስጥ፣ ከባሕር ወለል በታች ቆሞ ይታያል። የእኛው ጎጃምም ቢሆን ባሕር ነበረች። ከደጀን ወደ ጎሃ ጽዮን የዓባይን በረሃ በአውቶቡስ የወረደ ሰው ሁሉ በመንገዱ ዳር የሚያየው ነጣ ያለ የኖራ ድንጋይ ከ150 ሚሊዮን ዓመት በፊት የባሕር ወለል ነበር፤ ውስጡ የባሕር እንስሳት ቅርፊት አለበት። ቤተ ክርስቲያናችንም ባሕርን በቃል ታውቃለች። በግዕዝ «ባሕርይ» ማለት ከባሕር የሚወጣው ዕንቁ፣ ሉል ነው። በክብረ ነገሥት በአዳም ሆድ ተቀምጣ ከትውልድ ወደ ትውልድ የተላለፈችው ዕንቁ ታሪክ ተጽፏል። ሉል አይተው የማያውቁ የዳሞት መምህራን ባሕርይን ለዘመናት ሲተረጉሙ ኖረዋል።

ሉሉን የሚያወጡት ጠላቂዎች ግን ከእነዚህ መምህራን እጅግ ርቀው፣ በዳህላክ ደሴቶችና በቀይ ባሕር ዳርቻ ሁሉ ነበሩ። በመጀመሪያው መቶ ክፍለ ዘመን የተጻፈው የግሪክ ነጋዴ የባሕር ጉዞ መመሪያ ስለ አዱሊስ ወደብ ሲናገር ከፊት ለፊቷ ያሉትን ደሴቶች ያነሳል፤ ከዚያ የሚመጣውን የኤሊ ቅርፊትም ይጠቅሳል። በኋላ ዘመን በዳህላክ የሉልና ሉሉ የሚገኝበት ቅርፊት፣ የሰደፍ፣ ንግድ ደራ። ጠላቂው አየር የሚሰጠው ምንም መሣሪያ አልነበረውም። በአንድ ትንፋሽ ወርዶ የቻለውን ያህል ለቅሞ ይወጣል። ከታንኳው ላይ ሆኖ የባሕሩን ወለል ለማየት ሥሩ መስታወት የተገጠመለት ጣሳ ውኃው ላይ ያስቀምጣል። ጣሳው የውኃውን ሞገድ ያስቆማል፤ መስታወቱም እስከ ታች ያሳያል። ወደ ባሕር ሆድ የሚመለከት መስታወት በድሃ ዓሣ አጥማጅ እጅም ነበር።

ሊቃውንቱ ከጠላቂዎቹ በኋላ ደረሱ። ከስዊድን የመጣው ፔተር ፎርስኮል በዴንማርክ ንጉሥ ተልኮ የቀይ ባሕርን ዓሦች መዘገበ፤ እ.ኤ.አ. በ1763 የመን ውስጥ ሞተ፤ ሥራው የታተመው በ1775 ነው። ጀርመናዊው ቪልሄልም ሄምፕሪሽ ለዚሁ ጉዳይ መጥቶ በ1825 ምጽዋ ላይ በ29 ዓመቱ ዐረፈ። ከሁሉም ለእኛ የሚቀርበው የፍራንክፈርቱ ኤድዋርድ ሩፔል ነው። ይህ ሰው የቀይ ባሕርን ዓሦች ሰብስቦ ካሳተመ በኋላ በ1831 ምጽዋ ወርዶ ወደ ደጋው ወጣ፤ ሰሜን ተራሮችንና ጎንደርን አየ፤ ጣና ደረሰ። ዋልያንና ጭላዳን በአማርኛ ስማቸው ለዓለም ሳይንስ ያስመዘገባቸው እሱ ነው። የጣናን ዓሦችም በ1835 ገልጾ አሳተመ። የቀይ ባሕሩንና የጣናውን ዓሣ ያገናኘ አንድ እጅ፣ አንድ ብዕር ነበር። ሩፔልም ሆነ ሌሎቹ ግን ዓሣውን ያጠኑት ከሞተ በኋላ ነው። ከውኃ የወጣ ዓሣ ቀለሙ በደቂቃዎች ይጠፋል፤ አልኮል ውስጥ ሲገባ ደግሞ ጨርሶ ይገረጣል።

ሕያው ሥዕል የመጣው ከፈረንሣይ ባሕር ዳርቻ ነው። ሉዊ ቡታን የሚባል የእንስሳት ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1893 ባንዩል በምትባል ከተማ ካሜራውን ውኃ በማያስገባ ሣጥን አሽጎ ጠለቀ። አንዱን ፎቶ ለማንሳት እስከ 30 ደቂቃ የሚደርስ ጊዜ ወስዶበታል፤ የባሕሩ ውስጥ ብርሃን ያን ያህል ደካማ ነው። ብርሃን ለማግኘት በበርሜል ውስጥ ማግኒዝየም አነደደ። በ1926 ደግሞ አሜሪካውያኑ ዊልያም ሎንግሊና ቻርልስ ማርቲን በፍሎሪዳ ደሴቶች አካባቢ የመጀመሪያውን የባሕር ውስጥ የቀለም ፎቶ አነሱ። ለአንድ ፎቶ ግማሽ ኪሎ ግራም ገደማ የማግኒዝየም ዱቄት በተንሳፋፊ መድረክ ላይ አፈነዱ። አንዲት ዓሣ በቀለሟ ለማስቀረት የተደረገው ድካም ይህን ያህል ነበር።

ብርሃን ለምን እንደሚያስፈልግ ፎቶ የሚያነሳ ሰው ሁሉ ማወቅ አለበት። ውኃ ቀለምን በየተራ ይውጣል። መጀመሪያ የሚጠፋው ቀይ ነው፤ 5 ወይም 10 ሜትር ስትወርድ ቀዩ ይደበዝዛል፤ ብርቱካናማው ይከተላል፤ ቀጥሎ ቢጫው፤ በመጨረሻ ሰማያዊ ብቻ ይቀራል። ጠላቂ እጁን ኮራል ቆርጦት ቢደማ በጥልቁ ውስጥ የሚያየው ደም አረንጓዴ መሳይ ነው። በዚያ ጥልቀት ያለው ኮራል ግን ቀይነቱን አላጣም፤ ብርሃን ወስደህ ስታበራበት ቀይ ሆኖ ይመልስልሃል። ሌላው ደግሞ በመነጽር ውስጥ ዓሣው ካለበት ይልቅ በሩብ ያህል ቀርቦ ይታያል። ስለዚህ ሩቅ ያለው ቅርብ መስሎ ያታልላል። ብርሃኑንም ከካሜራው ጎን ራቅ አድርጎ መያዝ ያሻል፤ አለበለዚያ ውኃው ውስጥ የሚንሳፈፈው ብናኝ ሁሉ እንደ በረዶ ያበራና ፎቶውን ያጠፋዋል። የደቡቡ ቀይ ባሕር፣ በተለይ ዳህላክ፣ ውኃው ጥልቀት የሌለውና ከሰሜኑ ይልቅ ደፍራሽ ስለሆነ ይህ ችግር ይበረታበታል።

ወደ ታሪኩ ልመለስ። ኤርትራ ከኢትዮጵያ ጋር በፌዴሬሽን የተዋሐደችው በመስከረም 1945 ዓ.ም. ነው፤ እ.ኤ.አ. 1952 መሆኑ ነው። በዚያው ዓመት መጨረሻ «ፎርሚካ» የተባለች መርከብ ከጣሊያን ተነሥታ ወደ ዳህላክ መጣች። መሪው ብሩኖ ቫይላቲ ነበር። ፊልም ቀራጩ ፎልኮ ኪሊቺ ገና የ22 ዓመት ወጣት ነበር። ታዋቂው ጠላቂ ራይሞንዶ ቡከርና የእንስሳት ሊቁ ፍራንቼስኮ ባስኪየሪ አብረው ነበሩ። ጋዜጠኛው ጃኒ ሮጊ ከባስኪየሪ ጋር ሆኖ ስለ ጉዞው «ዳህላክ» የተባለ መጽሐፍ ጻፈ። ኪሊቺ የቀረጸው «ስድስተኛው አህጉር» የተባለው ፊልም በ1954 ለዕይታ በቃ፤ በቀለም ከተሠሩት ሙሉ ርዝመት ያላቸው የባሕር ውስጥ ፊልሞች ከመጀመሪያዎቹ አንዱ ነው። የአውሮፓ ሕዝብ የኮራል ዓሣን በቀለሙ፣ በትልቅ መጋረጃ ያየው በዚያን ጊዜ ነው። ባሕሩ ያን ጊዜ የእኛ ነበር፤ እኛ ደገኞች ግን ያ ሁሉ ሲሆን አልሰማንም። እ.ኤ.አ. በ1962 እና በ1965 ደግሞ የእስራኤል ተመራማሪዎች ዳህላክ መጥተው በእንተደቢር ደሴት ሰፍረው አጠኑ። ሁሉም ሲመጡ የኮራሉ ቅጥር (ሪፉ) የት እንዳለ፣ ነፋሱ መቼ እንደሚነሳ የሚያውቁት የደሴቶቹ ሰዎች ነበሩ፤ የሉል ጠላቂዎቹ የልጅ ልጆች። ታሪኩ ሲተረክ የእነሱም ድርሻ መነሳት አለበት።

ከዳህላክ በስተሰሜንም ሥራው ተፋፍሞ ነበር። የቪየናው ሃንስ ሃስ እ.ኤ.አ. በ1949 እና በ1950 በፖርት ሱዳን ጠልቆ ፊልም ሠራ። ሃስ በወጣትነቱ ዓሣ በጦር የሚወጋ አዳኝ ነበር፤ በኋላ ጦሩን ትቶ ካሜራ ያዘ፤ ሌሎችም እንዲሁ እንዲያደርጉ ዕድሜውን ሙሉ ወተወተ። ፈረንሣዊው ዣክ ኩስቶ ከኤሚል ጋኛን ጋር በ1943 በጀርባ የሚታዘለውን የአየር መሣሪያ ሠራ። ከሉዊ ማል ጋር ያዘጋጀው «የዝምታው ዓለም» የተባለ ፊልም በ1956 በካን ታላቁን ሽልማት አገኘ፤ ከፊሉ የተቀረጸው በቀይ ባሕር ነው። ይሁን እንጂ በዚያው ፊልም ውስጥ ዓሦቹን ለመቁጠር ሪፍ በድማሚት ሲፈነዳ፣ ሻርኮች በመርከቡ ላይ ሲጨፈጨፉ ይታያል። ዳህላክ የመጡት ጣሊያኖችም ከካሜራው ጋር የዓሣ መውጊያ ጠብመንጃ ይዘው ነበር። ይህን የማነሳው ለመውቀስ ብቻ አይደለም። አሮጌው ልማድና አዲሱ ልማድ፣ ነቅሎ ማውጣትና ትቶ ማውጣት፣ በአንድ ሰው ሁለት እጅ ላይ አብረው የነበሩበት ዘመን መሆኑን ለማሳየት ነው። ቀስ በቀስ ካሜራው በለጠ። እ.ኤ.አ. በ1963 በፎቶ ፊልም የሚሠራው «ኒኮኖስ» የተባለ ካሜራ ገበያ ላይ ሲውል የባሕር ውስጥ ፎቶ ያለ ሣጥን፣ በማንኛውም ጠላቂ እጅ ሊነሳ ቻለ።

እኔ ያነሳሁት በዚያ አልነበረም። በ1976 ዓ.ም. አብሮን ይሠራ የነበረ አንድ የውጭ አገር ባለሙያ ካሜራውን በአሉሚኒየም ሣጥን አሽጎ ይጠልቅ ነበር። ለምኜው ለአንድ ቀን አዋሰኝ፤ «ኦርዎ» የተባለውን የምሥራቅ ጀርመን የቀለም ፊልም ራሴ ገዛሁ። 36 ፎቶ ነው ያለኝ። ከአንድ የኮራል ግንብ አጠገብ ቁጭ ብዬ ትንፋሼን ቀነስኩ። ዓሣን ካሳደድከው ጅራቱን ነው የምታነሳው፤ ዝም ካልክ ግን ራሱ ይመጣል። አንዲት ጣት የምታህል ሰማያዊ መስመር ያላት ዓሣ ከትልልቆቹ ዓሦች አፍ ውስጥ እየገባች ጥርሳቸውን ስታጸዳ አየሁ፤ ትልቁ ዓሣ አፉን ከፍቶ ይጠብቃታል እንጂ አይውጣትም። በቀቀን አፍ ያለው ዓሣ ኮራሉን ሲግጥ የሚሰማው ድምፅ እንደ ቆሎ ነበር። ዛጎሌንም አገኘሁት፤ ነጠላውን ለብሶ ነበር።

ፊልሙ ታጥቦ ሲመጣ ዕንባዬ መጣ። ሁሉም ሰማያዊ ነበር። ቀይም፣ ቢጫም፣ ብርቱካናማም የለ። መብራት ስላልነበረኝ ቀዩን ውኃው እንደዋጠው ያኔ አላወቅሁም፤ ጥፋቱ የፊልሙ መስሎኝ ነበር። ከ36ቱ 4 ብቻ ተረፉ። ምጽዋ በየካቲት 1982 ዓ.ም. ስትያዝ እኔ ወደ አሰብ ተዛውሬ ስለነበር 4ቱ ፎቶዎች በኪሴ ውስጥ ተረፉ። ከደርግ ውድቀት በኋላ በእግርም በመኪናም አገሬ ገባሁ። ኤርትራም በ1985 ዓ.ም. ነጻ አገር ሆነች፤ ባሕሩ ዛሬ የእነሱ ነው። ለእኔ ከባሕሩ የቀረኝ 4 ፎቶ ብቻ ነው።

ፈረስ ቤት ላይ ፎቶ ቤት ከፈትኩ። ለመታወቂያ ጉርድ ፎቶ፣ ለሠርግ፣ ለማኅበር አነሳሁ። የዛጎሉን ፎቶ አሳጥቤ አሳድጌ ከመጋረጃው አጠገብ ሰቀልኩት። እናቴ ስታየው ረጅም ጊዜ ዝም አለች። ከዚያ አንቀልባዋን አምጥታ ዛጎሉን ከፎቶው ጋር አስተያየችው። «ለካ ሥጋ ነበረው» አለች። ሌላ ቃል አልተናገረችም፤ ከዚያ ወዲህ ግን ዛጎል አልሰፋችም።

አንድ ቀን ደግሞ የድጓ መምህሬ የነበሩት የኔታ ጉርድ ፎቶ ሊነሱ መጡ። ከዛጎሉ ጎን የሰቀልኩትን የኮራል ፎቶ ትኩር ብለው አይተው «ልጄ፣ ይህ ሕያው ነው ወይስ ድንጋይ?» አሉኝ። «ሁለቱም ነው የኔታ» አልኳቸው። አውሮፓውያን ሊቃውንት ኮራልን እስከ 18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ድረስ ዕፅ ነው ሲሉ ኖረዋል፤ እንስሳ መሆኑን ያሳየው ዣን አንድሬ ፔይሶኔል የሚባል ፈረንሣዊ ሐኪም ነበር። ኮራል በሚሊዮን የሚቆጠሩ ጥቃቅን እንስሳት በኖራ የገነቡት ቤት ነው። ባለቤቶቹ ሲሞቱ ቤቱ ይቀራል፤ የምጽዋ አሮጌ ቤቶች የተሠሩት በዚያ ድንጋይ ነው። የኔታ ራሳቸውን ነቅንቀው «እንግዲያ ባሕርይ ማለት ይህ ነው» አሉ። ቃሉ በግዕዝ ዕንቁ ማለት ብቻ ሳይሆን የአንድ ነገር ጠባዩ፣ ማንነቱም ማለት ነው። እኔ በፎቶ ልናገር የፈለግሁትን እሳቸው በአንድ ቃል ጨረሱት።

አሁን ወደ ራሳችን ውኃ ልምጣ። የዳሞት ውኃ በየወንዙ ዞሮ ዓባይ ይገባል። ሰከላ ከግሽ ዓባይ የሚነሳው ግልገል ዓባይ ደግሞ ጣናን ከሚመግቡት ወንዞች ትልቁ ነው። በጣና ውስጥ ሩፔል የጀመረውን የዓሣ ቆጠራ በ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የኔዘርላንድ ዋኽኒንገን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ቀጠሉበት፤ ከአንድ ግንድ የወጡ 15 የዓሣ ዝርያዎች በሐይቁ መኖራቸውን አሳወቁ። ከጢስ ዓባይ ፏፏቴ በላይ ተዘግተው በዚያው የተለያዩ ዓሦች ናቸው፤ አንዱ ትል ይበላል፣ ሌላው ቅጠል፣ ሌላው ዓሣ። ከእነዚህ ብዙዎቹ በክረምት እንደ ጉማራ ባሉት ወንዞች ሽቅብ ወጥተው በንጹሕ ጠጠር ላይ እንቁላል ይጥላሉ። በወንዝ አፍ ላይ የሚዘረጋው መረብ ይጠብቃቸዋል፤ ከተራቆተው ማሳ የሚወርደው ደለል ጠጠሩን ይሸፍነዋል፤ ከ2011 (እ.ኤ.አ.) ወዲህ ደግሞ እምቦጭ የተባለው አረም የሐይቁን ዳር ይዟል። በእነዚያው በ1990ዎቹ ውስጥ ወደ ወንዝ የሚወጡት ዓሦች ቁጥር በሦስት አራተኛ ያህል መቀነሱን አጥኚዎቹ ጽፈዋል።

እነዚህን ዓሦች የምናውቃቸው እንደ እናቴ ዛጎል ነው፤ በሞታቸው፣ በመጥበሻ ላይ። በውኃው ውስጥ ሲኖሩ፣ ጠጠሩ ላይ እንቁላል ሲጥሉ ስንቶቻችን አየን? የጣና ውኃ እንደ ቀይ ባሕር ጥርት ያለ አይደለም፤ ደፍራሽ ነው። ነገር ግን በበጋ የሚጠሩ ምንጮችና ገባሮች አሉ፤ ዛሬ ደግሞ ውኃ የማያስገባ ካሜራ በአንድ ወጣት ኪስ ይገባል። ለቡታን 30 ደቂቃ የፈጀው ዛሬ የዓይን ጥቅሻ ነው።

ስለዚህ ሁለት ነገር እለምናለሁ። የባሕር ኃይል ጓዶቼና ልጆቻቸው፣ በየሣጥኑ ያለውን የምጽዋ፣ የአሰብና የዳህላክ ፎቶ አትጣሉት፤ በጀርባው ዓመቱንና ቦታውን ጽፋችሁ ወደ ቤተ መዛግብት ውሰዱት። የጎጃምና የጎንደር ወጣቶች ደግሞ፣ ከመረቡ በፊት ካሜራውን ወደ ወንዛችሁ አውርዱ። ዓሣው ጠጠሩ ላይ፣ በሕይወት ሳለ አንሡት፤ ፎቶውንም ለእናቶቻችሁ አሳዩ።